በረዶው ተረታ

በወደብ ሰፈር አልጋ የሚሸጠው ከጡብ ጋር ነው። ሻጩ አልጋውን ያስረክብና ለየእግሩ የሚሆነውን ጡብ ያቀርባል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጡቡ ለጌጥ ነው የሚሉም አሉ» ይላል። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ጡቡን ጋሪ ላይ ይጭናል። በየዓመቱ የጥር ማዕበል ሲያልፍ ተመልሶ መጥቶ ተጨማሪ ጡብ ይወስዳል፤ ሻጩም ያንኑ ቃል ይደግምለታል። ሱቁ እንዳይታሸግበት ነው እንጂ የእሱም አልጋ የቆመው ወገብ በሚያህል የጡብ ክምር ላይ ነው።

ይህን የሚያስገድደው የሚዛን ሕግ ነው። ስለ በረዶ፣ ስለ ባሕርና ስለ ሙቀት የተነገረ ቃል ሁሉ፣ ወዲያው ተቃራኒው ካልተነገረበት ወንጀል ነው። እናት ልጇን «ውሃው መጣ፣ እግርህን ሰብስብ» ስትለው፣ ከጎኗ ያለ ሰው «አልመጣም የሚሉም አሉ» ይላል። ሰው ከሌለ ራሷ ትለዋለች። ልጁ እስከዚያ እግሩ ቢርስም ሚዛኑ ተጠብቋል። በቤተ ክርስቲያን የኖኅ ታሪክ መሰበኩ ከቀረ ቆይቷል። መላሽ ጠፍቶ አይደለም፤ ዲያቆኑ መልሱን በሰጠ ቁጥር ምእመናኑ መሳቅ ስለጀመሩ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ነገሩ የተጀመረው በጋዜጠኞች ጠብ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች የዋልታው በረዶ እየቀለጠ ነው አሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ፣ ሰው ቶሎ እንዲደነግጥላቸው ብለው፣ ጨመር አደረጉበት። አንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ የጨመሩትን ብቻ ነጥሎ «ዋሹ» አለ፤ ሌላው «አልዋሹም፣ አፋቸውን አዳልጧቸው ነው» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ጠቡ በረዶውን ትቶ ማን፣ መቼ፣ ምን አለ የሚለው ላይ ሰፈረ። ዓመታት ሄዱ። ጣቢያዎቹ ተዳክመው ሲታረቁ የሚዛን ሕግ ወጣ፤ የዕርቃቸው ፍሬ እሱና አንድ ላይ ያቋቋሙት የሚዛን ጣቢያ ነው። በረዶውን ሄዶ ለማየት ያሰበ ጣቢያ ግን አልነበረም።

ከወደብ ሰፈር ሰው በረዶውን ያየችው እትዬ ሶልያና ብቻ ናት። በወጣትነቷ በተሟጋቾች መርከብ እስከ ደቡብ ዋልታ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ «ከሃያ ዓመት በኋላ ይህ ሰፈር አይኖርም» አለች። ሃያ ዓመቱ ሲሞላ የሚዛን ጣቢያ ትልቅ ኬክና ከበሮ ይዞ መጣ። የሰፈሩ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ኬኩን ቆረሰ። ሰፈሩ በቦታው ስለመገኘቱ ብዙ ተነገረ፣ ብዙ ተጨበጨበ። ስለ ቁርጭምጭሚቱ የተናገረ የለም፤ ለዚያ ቀን መላሽ አልተመደበም ነበር።

ከሰፈሩ በላይ የወደቡ አስተዳደር ይዞታ የሆነ ኮረብታ አለ፤ ላይ ሰፈር ይባላል። ባዶ ቤቶች አሉበት፣ በሩ ላይ ደግሞ ዘበኞች። ያለ ፈቃድ የሚያልፈው ሬሳ ብቻ ነው፤ መካነ መቃብሩ እዚያ ስለሆነ። ወደ ደጋ መሸሽም አይሞከርም፤ ውሃ ፈርቶ ከሰፈሩ የለቀቀ ሰው ሽብር በመንዛት ይከሰሳል። እስትንፋስ ይዞ ላይ ሰፈር ለመግባት ያለው መንገድ አንድ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ የሚዛን ጣቢያ የበረዶ ችሎት ያካሂዳል። አንዱ ወገን በረዶው ይቀልጣል፣ ሌላው አይቀልጥም ብሎ ሕዝብ ፊት ይሟገታል፤ እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ፣ በግጥምና በአሽሙር። በረዶው ቀለጠ ተብሎ ከተፈረደ የላይ ሰፈር በር እስከሚቀጥለው ኅዳር ይከፈታል። አልቀለጠም ከተባለ እንደተዘጋ ይቆያል።

ተከፍቶ አያውቅም። ለበረዶው ሁልጊዜ የምትሟገተው ሶልያና ናት፤ እሷ ደግሞ ስትናገር የመድኃኒት መመሪያ የምታነብ ትመስላለች። ከወዲያ በኩል ከዋና ከተማ የሚላኩት ሙግተኞች ምላሳቸው ማር ነው፤ ያችን የሃያ ዓመት ንግግሯን በየዓመቱ በአዲስ ግጥም እያሹ ያመጡባታል። ፈራጁ በየቤቱ ሆኖ የሚያየው የአገሩ ሕዝብ ነበርና፣ በሳቅ እያነባ ድምፁን ለጣፈጠው አፍ ሲሰጥ ኖረ። እውነቱን ለመናገር የወደብ ሰፈር ሰውም ይስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን የሰፈሩ ሰው ከማንም በተሻለ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ከመሳቅ አላገደውም።

ዘንድሮ ሕጉ ተሻሻለ። በእኛ ኑሮ የደጋ ሰው ለምን ይፈርድብናል የሚለው የሰፈሩ አቤቱታ ብዙ ዓመት ተንከራትቶ በመጨረሻ ተሰማ። ድምፅ የሚሰጠው የወደብ ሰፈር ነዋሪ ብቻ እንዲሆን፣ ሙግተኞቹም ሁለቱም ከሰፈሩ እንዲመጡ ተወሰነ። ሶልያና እንደወትሮዋ ትቆማለች። አይቀልጥም የሚለው ደግሞ በዕጣ ይለያል። ዕጣው ለኪሩቤል ወጣ።

ኪሩቤል ወደቡ ላይ የክሬን ነጂ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በአንደበቱ ነው። ሠርግ ላይ የሚመርቀው፣ ለቅሶ ላይ የሟችን ታሪክ የሚናገረው እሱ ነው። እሱ ሲናገር፣ ሟቹን በቁሙ ሲረግሙት የኖሩ ሰዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። ሚስቱ ረድኤት ከዓመት በፊት እርጥብ ደረጃ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ባለፈው ጥር ውሃው ጡቡን አልፎ ፍራሹን ሲነካ፣ ኪሩቤል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ውሃው እስኪመለስ ድረስ ታቅፏት ቆመ። በየዓመቱ የሚጨምረው ሲታይ መጪው ጥር ጠረጴዛውንም ያልፋል። ኪሩቤል ይህን ለሚስቱ አልነገራትም፤ እሷም እንደምታውቅ አልነገረችውም። በሩ ካልተከፈተ ረድኤት ሌላ ጥር እንደማታልፍ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ዕጣው ሲወጣ ሰፈሩ ሐዘን አልገባውም፤ ተደሰተ። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ አቶ ኢዮስያስ ሽማግሌዎቹን ቤቱ ሰበሰበና ኪሩቤልን አስጠራው። አቶ ኢዮስያስ ነገር አያያዝ የሚያውቅ፣ ከማንም በላይ ደግሞ እንደሚያውቅ የሚያምን ሰው ነው። ችግሩን በዝርዝር አስረዳው። ኪሩቤል ዝም ማለት አይችልም፤ ሙግተኛ ዝም ካለ ከመድረኩ ጀርባ የተቀመጠው የዋና ከተማው ተተኪ ይገባል። እያወቀ መሸነፉም መታወቅ የለበትም፤ ያም ያስከስሳል። የአቅሙን ያህል ታግሎ የተረታ መምሰል አለበት። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ በነገር ተረትተህ እንደማታውቅ እናውቃለን፤ ለአንድ ቀን ብቻ ተረታልን» አለው።

ኪሩቤል ሳቀ። መድረቅን ከሶልያና እየሰማሁ አጠናለሁ አላቸው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ አንዱ እጁን ስሞ አመሰገነው።

ቤቱ ሄዶ ለረድኤት ሲነግራት መጀመሪያ ቤቱን በዓይኗ ዞረች። ከዚያ ወደ ላይ ምን ምን እንደሚወሰድ መጠየቅ ጀመረች። ከተሰበረች ወዲህ እንዲህ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። የሚሰጣቸው ቤት መስኮቱ ወደ ባሕር የማያይ እንዲሆን ፈለገች፤ ለቀሪ ዕድሜዋ ባሕር የማየት ፍላጎት እንደሌላት ተናገረች። በምን እንደምትወጣም ጠየቀች። በእድሩ ቃሬዛ ነው አላት። «እንግዲያው ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ዘበኞቹ የለመዱት መስሏቸው ቀጥታ ወደ መቃብሩ እንዳይመሩኝ» አለችው። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ኪሩቤል ከዚያ ቀን ጀምሮ መሸነፍን ተለማመደ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቀላል ሥራ አይደለም። ቤት የሚመታ ስንኝ ሳይጠራው ይመጣበታል፤ እሱ እየያዘ ያንሻፍፈዋል። ረድኤት አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጠዋለች፤ ካማረበት «ይኼ አይሆንም፣ ያስጨበጭብብሃል» ትለዋለች። የችሎቱ ቀን ሲደርስ የኪሩቤል ንግግር የሶልያናን ያህል ደርቆ ነበር።

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። አቶ ኢዮስያስ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ኪሩቤል ደካማ ሆኖ ሶልያና ከእሱ ብትደክምስ? ሰው ለኪሩቤል አዝኖ ድምፁን ቢሰጠውስ? ሙግት ያለ አሽሙር ወጥ ያለ ጨው ነው፤ ሰፈሩ አንድ የሚቆነጥጥ ነገር ከእሷ አፍ መስማት አለበት። ችሎቱ ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሶልያና ቤት ሄደና አንድ ስንኝ አጥኚ አላት። ስንኙ የኪሩቤልን አባት የሚነካ ነበር።

የኪሩቤል አባት የባሕሩን ግንብ ከገነቡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ግንቡ ሳያልቅ አንድ ጥር ማዕበል መጣ፤ ሌላው ሲሸሽ እሳቸው የተፈነቀለውን ድንጋይ ሊመልሱ ወደ ውሃው ወረዱ፣ በዚያው ቀሩ። ሬሳቸው አልተገኘም። ግንቡ ኋላ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶው ተሰርቆ ነው የሚል ወሬ ተነሳ፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥምና ወሬው እሳቸው ላይ አረፈ። ኪሩቤል ይህን ወሬ ፊቱ ላይ የተናገረ ሰው ሠርግ አይመርቅም፣ ለቅሶም አይቆምም። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ ወሬውን ፊቱ አያነሳም ነበር።

ሶልያና እምቢ አለች። ሰውየው እንዳልሰረቁ አውቃለሁ፣ ከዚህ በፊት ጨምሬ ተናግሬ የደረሰብኝ ይበቃኛል አለች። አቶ ኢዮስያስ ይህ ውሸት ሳይሆን የሙግት ሥርዓት እንደሆነ፣ ጥንትም ሙግተኛ በዘር ሳይሰዳደብ ሥራ እንደማይጀምር፣ ኪሩቤል ራሱ የተንኮሉ ተካፋይ ስለሆነ እንደማይቀየም አስረዳት። ለአንድ ሰፈር ነፍስ ሲባል መሆኑን ሲነግራት አቀረቀረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለኪሩቤል አስቀድመን እንንገረው ቢል አቶ ኢዮስያስ ከለከለ። ካወቀ ፊቱ ላይ ይታወቅበታል፤ ሰው ደግሞ የተጠና ነገር ያሸታል። ሽማግሌዎቹ በብልሃቱ ተገረሙ።

ችሎቱ የዋለው ሰፈሩ አደባባይ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። መድረኩ በበርሜል ላይ ተረብርቧል። ሕዝቡ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ሕፃናት በትከሻ፣ አሮጊቶች በየጣሪያው። አልጋ ላይ የዋሉት እንደ ረድኤት ያሉት በየግድግዳቸው ላይ በሚታየው ምስል ይከታተላሉ፤ ድምፅም በዚያው ይሰጣሉ። የጣቢያው አቅራቢ አቤኔዘር ካባ ደርቦ፣ በደረቅ ጫማ፣ በዳኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ውሃው የበዓሉ ድምቀት አካል እንደሆነ፣ ውሃ አይደለም የሚሉም እንዳሉ ተናገረና ችሎቱን ከፈተ።

ሶልያና ጀመረች። የበረዶውን ውፍረት ተናገረች፤ መርከባቸው የቆመበት ቦታ ያን ጊዜ በረዶ እንደነበረ፣ ዛሬ ጥልቅ ውሃ እንደሆነ ተናገረች። ሰው ያዛጋ ነበር፤ ግን በደስታ ያዛጋ ነበር። ኪሩቤል ተነሳ። በረዶ ድሮም ይቀልጣል ድሮም ይረጋል፣ እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሁለተኛው ዙር እንዲሁ አለፈ። ኪሩቤል አንዴ ቃል ጠፋበት፤ እውነት የጠፋበት ይመስል ነበር። አልጋ ሻጩ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ምን ዓይነት ተዋናይ ነው አለው። ሴቶች ወደ ኮረብታው እያዩ የትኛውን ቤት እንደሚመርጡ ይነጋገሩ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ሶልያና ተነስታ ትንሽ ቆየች። ኪሩቤልን ሳታየው፣ በተለመደው ደረቅ ድምጿ ወረወረችው፦

«አባት ሲሚንቶውን ከግንቡ ሰረቀ፣
ልጁ እውነቱን ሰርቆ በቃል አደመቀ።»

አደባባዩ ጸጥ አለ። ከሶልያና አፍ ግጥም የሰማ ሰው አልነበረም፤ ይህን ግጥም ደግሞ ከማንም አፍ የሰማ አልነበረም። አቶ ኢዮስያስ ከፊት መስመር ሆኖ ፈገግ አለ፤ የጠበቀው ጸጥታ ነበር። ኪሩቤል ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። የሚለውን አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ተጠናቆ ጉሮሮው ውስጥ ነበር። ረድኤትን አሰበ። ይህን ኋላ ለሁሉም ተናግሯል፤ ያን ጊዜ ረድኤትን አስቤ ነበር ብሏል። ከንፈሩን ገጥሞ ቆየ። አቤኔዘር ሰዓቱን አየና መላሽ ዝም ካለ ተተኪው እንደሚቀርብ አስታወሰ። ከመጋረጃው ጀርባ የዋና ከተማው ሰው ክራቫቱን ሲያስተካክል ይታይ ነበር።

ኪሩቤል ተነሳ። መጀመሪያ ሶልያናን፣ ቀጥሎ ከሕዝቡ ጀርባ ያለውን ባሕር አየ። ድምፁ ለቅሶ ላይ የሚያወጣው ድምፅ ነበር፦

«አባቴስ ከግንቡ ምን ይዞ ወረደ?
ድንጋይ ቢያንስበት ራሱን ማገደ።
ባሕር ከፍ አለ አትበይኝ፣ በረዶ ቀልጦበት፤
አባቴ ነው ቀና ያለው፣ ስሙ ጎድፎበት።»

መጀመሪያ የተሰማው የአንዲት ሴት ለቅሶ ነው። ከዚያ እልልታው ከየጣሪያው ወረደ። ወንዶች ውሃውን በእጃቸው እየመቱ ጮኹ። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ባሕሩ የወሰደባቸው አባት ወይም ወንድም ነበራቸው፤ እስከዛሬ ሲፈሩት የኖሩት ውሃ በአንድ ጊዜ ዘመድ ሆነላቸው። አቤኔዘር በካባው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ሶልያናም አለቀሰች። በዚህ ሁሉ መካከል ድምፅ መስጫው ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ብዙ ጊዜ አውርቶታል፤ ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አልጋ ሻጩ፣ ሰው ሁሉ ለሶልያና እንደሚሰጥ ስለማውቅ የእኔ አንድ ድምፅ ለዚያ አፍ ብትሆን ምን ይጎዳል አልኩ ይላል። ዓሣ ሻጯም፣ ዲያቆኑም፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም ያሉት ይህንኑ ነው። ለአባቱ ስም ለቆመ ሰው አንዲት ማክበሪያ ናት፤ ፍርዱን ሌላው ይፈርዳል። ሌላው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አቶ ኢዮስያስ ለማን እንደሰጠ ተናግሮ አያውቅም።

ኪሩቤልን ከመድረኩ አውርደው በትከሻቸው ተሸከሙት። አውርዱኝ ይላቸው ነበር፤ በጩኸቱ አልተሰማም። አደባባዩን አንድ ዙር ሳይጨርሱ አቤኔዘር ውጤቱን አነበበ። ከመቶው ዘጠናው ለኪሩቤል። «በረዶው ተረታ» አለ በተለማመደው ድምፅ፣ «የላይ ሰፈር በር እንደተዘጋ ይቆያል። ባለጉዳዩ ሕዝብ ራሱ ስለፈረደ ይግባኝ የለውም።»

ተሸካሚዎቹ ወዲያው አላወረዱትም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የጠፋቸው ይመስላል፤ ትንሽ እንደያዙት ቆሙ። ሰው ግራና ቀኝ ይተያይ ጀመር። አንተ ለሶልያና አልሰጠህም እንዴ የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተነሳ። ከዚያ ቀስ አድርገው ውሃው ውስጥ አቆሙትና አንድ በአንድ ከአጠገቡ ተበተኑ። የተናደደበት አልነበረም። ብዙዎቹ ሲያልፉ ትከሻውን መታ መታ አድርገውታል።

ሶልያና ጠብቃ ቀርባ አነጋገረችው። አባቱ እንዳልሰረቁ ነገረችው። ኪሩቤልም ባሕሩ ከፍ እንዳለ ነገራት። ሁለቱንም ቃል የሰማ፣ በሁለቱም ላይ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ይቅርታ መባባል ጀምረው ሳይጨርሱት ተለያዩ።

ቤቱ ሲገባ ረድኤት ግድግዳው ላይ ያለውን ምስል አጥፍታ ተቀምጣለች። የሚወሰደው ዕቃ ከራስጌዋ በኩል ተቋጥሯል። ኪሩቤል በሩ ላይ ቆመ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያለቅስለት ሰው አንድ የሚረባ ቃል አጣ። ገደልኩሽ አላት በመጨረሻ።

«ና ተቀመጥ፣ እግርህ ርሷል» አለችው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን ያዘችው። ስለ አባቱ እንዲያ ተብሎ ዝም ቢል ኖሮ የማታውቀው ሰው ይሆንባት እንደነበር ነገረችው። እሱ ግን የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር። ከዘጠናው ውስጥ ያልሆኑትን አሥሩን እየፈለገ ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ ከአሥሩ አንዷ ረድኤት ናት ብሎ በእሷ ሲጽናና መጥቷል።

«አንቺ መቼም ለሶልያና ሰጥተሻል» አላት።

ረድኤት ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም። «ሁሉም ለእሷ ይሰጣል ብዬ ነበር፣ ኪሩ» አለች። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያጎድላል ብዬ ለአንተ ሰጠሁ።»

ሊቆጣት ፈለገ። የተሰማው ግን ደስታ ነበር፤ ደረቱን ሞልቶ የሚያሞቅ፣ በዕድሜው ሁሉ ከሰማው ጭብጨባ የሚበልጥ ደስታ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀና ፈራ። ፊቱን አዞረባት። ጥር ሊገባ ብዙ አልቀረውም፤ ውሃው ከአልጋው ሥር ጡቡን እየላሰ ይመለስ ነበር።

ረድኤት ትራሱን አስተካክላ ደገፍ አለች። ደክሟታል፣ ግን የምትፈልገው ነገር ነበራት።

«እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት።